እማኝ የሌለው ዱላ

ባለፈው ዓመት በወርኀ ታኅሣሥ፣ ጾመ ነቢያት ሊፈጸም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዶሮ ግብርን አልፌ ከትውልድ መንደሬ ከጎብዬ ደርሼ፣ በሟቹ አጎቴ ደጃፍ ባለችው መደብ ላይ ዐረፍ እንዳልሁ፣ የሟቹ የልጅ ልጅ የሆነ አንድ ብላቴና የአጥሩን ክፍተት ሊደፍንበት የግራር እሾህ እየጎተተ ከውጭ ሲገባ ተመለከትሁ። እሾኹን የሚጎትትበት እንጨት ቁመቱ ሁለት ክንድ ያህል፣ ጫፉ እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ መያዣው በእጅ ላብና በቅቤ ብዛት የጠቆረ ነበረና ዐይኔ ከእርሱ ሊነሣ አልቻለም። ጠርቼ «ይህ ምንድን ነው?» ብለው፣ «አያ፣ ይኸማ የሾህ መጎተቻ ነው» አለኝ። ልጁ አላጠፋም፤ ማንም ያልነገረውን ከወዴት ያውቃል?

እንጨቱን ከእጁ ተቀብዬ አገላብጬ አየሁት። አጎቴ በጐልማሳነቱ ዘመን ገና የሚጫወትበት ዱላ ነበረ። በቆልማማው ውስጠኛ ወገን ሩሯ፣ ማለት የጨዋታው ኳስ፣ ደጋግማ ስላረፈችበት የጐደጐደ ስፍራ አለ፤ ከዚያ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ እንጨቱ ተሠንጥቆ፣ ስንጥቁም በእርጥቡ በተጠመጠመ ጠፍር ታስሮ፣ ጠፍሩ ሲደርቅ ከእንጨቱ ጋር አንድ አካል ሆኖ ይታያል። እኔ ያን ጊዜ ሕፃን ነበርሁ፤ ለተጫዋቾቹ ውኃ በቅል ይዤ በሜዳው ዳር ቆሜ ነበርና ዱላው የተሠነጠቀበትን ቅጽበት በዐይኔ አይቻለሁ፤ ድምፁ እንኳ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ነገር ግን ዓመተ ምሕረቱን አላውቅም፤ ከወዲያኛው ወገን ሆኖ ዱላውን በዱላው የገጠመውን ሰው ስም አላውቅም፤ ድሉ የማን እንደ ነበረም አላስታውስም። አጎቴ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል አገር ቤት በገባሁ ቁጥር ከእርሱ ጋር ቡና እየጠጣሁ፣ ስለ ዝናምና ስለ ከብት፣ ስለ ዘመድና ስለ ገበያ ስጨዋወት ኖሬ፣ ስለዚህ ዱላ አንድም ቀን ሳልጠይቀው ወደ መቃብሩ ወረደ።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የምወደው ነገር ከዚህ ይነሣል። ከተጫዋች እጅ የወጣ ዕቃ እንደ ሰው ሁሉ ሥጋና ነፍስ አለው፤ ሥጋው እንጨቱ፣ ጨርቁ፣ ቆዳው ነው፤ ነፍሱ ደግሞ በማን እጅ፣ በየትኛው ሜዳ፣ በምን ቀን፣ ከማን ጋር ሲገጥም እንደ ዋለ የሚናገርለት ምስክር ነው። ሥጋው በአንድ ጣሪያ ሥር መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ነፍሱ ግን ከአንድ ሽማግሌ ሞት በላይ አትዘልቅም። ስለዚህ እኛ የዚህ ዘመን ሰዎች አባቶቻችን የተጫወቱባቸውን የገና ዱላዎች፣ ሯጮቻችንም የሮጡባቸውን ጫማዎችና የለበሱአቸውን ማልያዎች፣ ባለቤቶቻቸውና የዐይን ምስክሮቻቸው በሕይወት ሳሉ ከነታሪካቸው ልንሰበስብ ይገባናል ብዬ አምናለሁ።

ለከተማ ልጆች የጨዋታው ስም ብቻ ቀርቶላቸው ሊሆን ይችላልና ጥቂት ላብራራ። የጌታ ልደት በሚከበርበት በታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን በታኅሣሥ 28 ቀን፣ ከዚያም አስቀድሞና በኋላ ባሉት ቀናት፣ ጐልማሶች ሁለት ወገን ሆነው፣ መንደር ከመንደር ወይም ያገባው ካላገባው ተለይቶ፣ ከእንጨት የተጠረበችውን ወይም ከጠፍር የተጐነጐነችውን ሩር በቆልማማ ዱላ እየለጉ ከተጋጣሚው ዳርቻ ለማሳለፍ ይታገላሉ። ትውፊቱ የቤተ ልሔም እረኞች የመድኃኔ ዓለምን ልደት ከመላእክት በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት በያዙት በትር ተጫውተዋል ይላል፤ ከእኛ ሜዳ በስተምዕራብ ከተራራው ማዶ በላሊበላ ካህናቱ በዚያው ዕለት በቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉ ሲሉ፣ እኛ በቆላው አቧራ ውስጥ የእረኞቹን ድርሻ እንፈጽም ነበር ማለት ነው። በዚህ ቀን ሎሌ ጌታውን በጨዋታ ቢመታው፣ በግጥምም ቢሰድበው፣ ጌታው እንዳይቆጣ ልማዱ ያዛል። በራያ ቆላ ይህ ወቅት ማሽላ ተቈርጦ አገዳው የሚከመርበት፣ መሬቱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ነውና ሜዳ አይቸግርም፤ በእኛ መንደር የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጆች በአንድ ወገን ቆመን እንለጋ ነበር፤ ወገን የሚለየው በቤት አቅጣጫ እንጂ በጸሎት አቅጣጫ አልነበረም።

ዛሬ ይህ ጨዋታ ከገበጣ፣ ከትግል፣ ከኩርቦ፣ ከቀስትና ከፈረስ ጉግስ ጋር በኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር ሕግ ወጥቶለት ብሔራዊ ውድድር ይደረግበታል፤ ይህም የሚመሰገን ሥራ ነው። ስለ ቀድሞዎቹ ተጫዋቾች ዱላ ግን በሸንጎም በጋዜጣም ሲነሣ አልሰማሁም።

የገና ዱላ እንደ ዛሬው ዕቃ ከሱቅ ገዝተው የሚይዙት አልነበረም። ግራር ለዚህ ሥራ አይመረጥምና የሚፈልግ ሰው ወደ ላስታ በሚያወጣው ዳገት ወጥቶ ወይራ ያማርጥ ነበር፤ ፍለጋውም ቀጥ ላለው እንጨት ሳይሆን በተፈጥሮው ለታጠፈው፣ ከግንዱ ጋር በተጋጠመበት ስፍራ ክርኑን ላበጀው ቅርንጫፍ ነበር፤ በእሳት አጥፈው ያጐበጡት እንጨት ከሩሯ ጋር ሦስት ጊዜ ከተገናኘ ይከፈታልና። ቅርንጫፉን ካገኘ በኋላ ልጡን ገፎ፣ በእሳት ለብልቦ፣ ሞራ ወይም ቅቤ እየቀባ ከምድጃው በላይ በጢስ ያጠናዋል፤ ያለ ችኮላ ወራት ይቆያል። ራያ ደግሞ ለዱላ ባይተዋር አይደለም፤ ጐልማሳው ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፣ ሁለት ክንዱን በላዩ አንጠልጥሎ፣ ጠጕሩን አጐፍሮ ወደ ገበያ ሲወርድ ያየ ሰው፣ ይህ ሕዝብ እንጨትን እንደ ልብሱ አካል አድርጎ እንደሚቈጥረው ያስተውላል። እንዲህ ባለ አገር አንድ የተጫዋች ዱላ ስሙ ጠፍቶ የእሾህ መጎተቻ ሲሆን ማየት ልብን ያቈስላል።

ከእኛ እጅግ ርቀው ያሉ ሕዝቦች በዚህ ነገር እንዴት እንደሚተጉ ባየሁ ጊዜ ኀዘኔ በረታ። በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ፤ አንዱ ትንሽ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በክብ ዱላ ይመታታል፤ ከእኛ ገና ጋር የሥጋ ዝምድና ባይኖረውም የዱላና የሩር ነገር ነውና ለእኛ ሰው አስተርጓሚ አያሻውም። በዚያ አገር ስመ ጥር ተጫዋቾች በእውነተኛ ግጥሚያ የመቱባቸውን ዱላዎች በመሰብሰብ ዕድሜአቸውን ያሳለፉ ብዙ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ከመደብር የወጣውን ዐዲስና የሚያብረቀርቅ ዱላ ከቁም ነገር አይቈጥሩትም፤ የሚፈልጉት የተሠነጠቀውን፣ የኳሷ ስፌት ማኅተም የቀረበትን፣ መያዣው በዝፍት የጠቆረውን ነው። በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ከ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ጀምሮ ለተጫዋቾች ዱላ የሚሠራው የሂለሪች ፋብሪካ፣ ለማን በምን ርዝመትና በምን ክብደት እንደ ላከ በመዝገብ ይጽፍ ነበርና፣ ሰብሳቢው በእጁ የገባውን ዱላ መዝኖና ለክቶ ከመዝገቡ ጋር ያስተያየዋል፤ በእንጨቱ ላይ የታተመውን የተጫዋቹን ፊርማ ያነባል፤ የዘመኑንም ፎቶግራፍ አጉልቶ የእንጨቱን ጭረት ከጭረቱ ጋር ያመሳክራል። እንዲህ ያለውን ትጋት ሊቃውንታችን የድጓን ምልክት ሲያርሙ ብቻ አይቻለሁ።

ቤብ ሩት የተባለው ተጫዋች በ1915 ዓ.ም. ሚያዝያ 10 ቀን፣ በኒው ዮርክ የያንኪ ስታዲየም በተከፈተበት ዕለት፣ በዚያ ሜዳ የመጀመሪያውን ሆም ረን፣ ማለት ከሜዳው አጥር ያለፈ ምት፣ የመታበት ዱላ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሩት ይህን ዱላ በሎስ አንጀለስ በተማሪዎች መካከል በተደረገ የመምታት ውድድር ላሸነፈ አንድ ልጅ ሽልማት ይሆን ዘንድ ሰጠው፤ ሲሰጥም ለማን፣ መቼና ስለ ምን እንደ ሰጠ በገዛ እጁ በእንጨቱ ላይ ጽፎ ፈረመበት። ከሰማንያ ዓመት በኋላ በ1997 ዓ.ም. ዱላው በኒው ዮርክ በሶዝቢ የጨረታ ቤት በ1,265,000 ዶላር ተሸጠ። ሰው ዋጋውን ሰምቶ ይደነግጣል፤ እኔ የተደነቅሁት በዚያች በእንጨቱ ላይ በቀረችው ጽሕፈት ነው። ሩት ያንን መሥመር ባይጽፍ ኖሮ ያ ዱላ በአንድ ቤት ጥግ እንደ ቆመ እንጨት ቀርቶ፣ ምናልባት እንደ አጎቴ ዱላ የአንድ ነገር መጎተቻ ይሆን ነበር።

ዋጋ ባለበት ሐሰት እንደሚከተል ደግሞ ከእነርሱው መማር ይቻላል። በሳን ዲየጎ ቡድን ይጫወት የነበረው ቶኒ ግዊን በገዛ ቡድኑ መደብር ውስጥ የእርሱ ናቸው ተብለው ለሽያጭ የተደረደሩ ፊርማዎችን አይቶ፣ በእጁ ያልተጻፉ መሆናቸውን ዐወቀ፤ የአገሪቱ የምርመራ ቢሮም የሐሰተኛ ፊርማ ነጋዴዎችን መረብ በዚያው ዘመን ተከታትሎ ደርሶበት ነበር። በዚህ ምክንያት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2001 ጀምሮ የዋናው ሊግ አስተዳደር በየግጥሚያው መሐላቸው የታመነ እማኞችን ከሜዳው ዳር ያስቀምጣል፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ በፖሊስ ሥራ ያሉ ወይም ቀድሞ ያገለገሉ ናቸው። ኳስ ሲወጣ ወይም ዱላ ሲሰበር እማኙ በዐይኑ አይቶ ቊጥር ያለበትን ማኅተም ይለጥፍበታል፤ ያላየውን አያትምም። ይህን የመጨረሻ ነገር አንባቢዬ ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ፤ ያላየውን አያትምም።

ይህ ሥርዓት ለእኛ እንግዳ ነውን? በጭራሽ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ እንደ ተጻፈው፣ ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ ወደ ኖብ በመጣ ጊዜ የጎልያድ ሰይፍ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከኤፉዱ በስተኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ካህኑም ሰይፉን ሲያነሣለት የማን እንደ ነበረ፣ በማን እጅ በየትኛው ሸለቆ ባለቤቱ እንደ ወደቀ አብሮ መሰከረ። ዕቃው ነበረ፣ ጥቅልሉ ነበረ፣ ስፍራው የታወቀ ነበረ፣ ምስክሩም ቆሞ ነበረ፤ የዛሬ ቤተ መዘክሮች ከዚህ የሚበልጥ ምን ሥርዓት አላቸው? የአሮን በትር በታቦቱ ውስጥ መቀመጧን፣ ኤልሳዕም የመምህሩን የኤልያስን መጎናጸፊያ ማንሣቱን ለዚህ ሕዝብ ማስታወስ ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። በየደብሩ ዕቃ ቤት ንዋየ ቅድሳቱ በመዝገብ ተጽፎ፣ ማን እንደ ሰጠው ተመልክቶ ይቀመጣል፤ አባቶቻችን የርስቱንና የንዋዩን ነገር በወንጌሉ ባዶ ቅጠሎች ላይ ይጽፉ የነበረው፣ ማንም እንዳይፍቀው ፈርተው ነው። በዚችው በወሎ በሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ባሠሩት ወንጌል ውስጥ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ተጽፎ ይገኛል። ሰባት መቶ ዓመት ያለፈው ዝርዝር ያለው አገር፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት የነበረ ተጫዋች ዱላ የማን እንደሆነ አጣሁት ሲል ሊያፍር ይገባዋል።

የገና ዱላ የገጠር ነገር ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር ወደ ሯጮቻችን ልውሰደው። በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በዐዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ 42 ኪሎ ሜትሩን ከ195 ሜትር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ፤ ፋሽስቶች ነቅለው የወሰዱት የአክሱም ሐውልት በቆመበት አደባባይ አጠገብም አልፏል። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ከአበበ ዘንድ ግን በዚያች ሌሊት የሮጠበትን ጫማ ማንም ሊያሳየን አይችልም፤ ጫማ አልነበረምና። የዚያን ሌሊት ቅርስ የተባለው ሁሉ የለበሳት ማልያ፣ ቊምጣው፣ 11 ቊጥር የተጻፈባት ጨርቅ፣ ከዚህም በላይ የእግሩ ጫማ ቆዳ ነበረ፤ ቆዳው ከእርሱ ጋር ዐፈር ለብሷል። ከአራት ዓመት በኋላ በጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በጫማ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ ደግሞ፣ ያ ጫማ የሰው ልጅ ሊጠብቀው የሚገባ ንዋይ ሆነ። ስለ እነዚህ ነገሮች በየትምህርት ቤቱ ብንጠይቅ ልጆቻችን የአበበን ሰዓት እስከ ሰከንዱ ይነግሩናል፤ ማልያዋ የት እንዳለች ብንጠይቃቸው ግን ዝም ይላሉ፤ መምህራኑም ከእነርሱ ጋር።

በመስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. ትዕግሥት አሰፋ በበርሊን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ፈጽማ የዓለምን ክብረ ወሰን በሰበረች ጊዜ፣ ጫማዋን ከእግሯ አውልቃ ከፍ አድርጋ ለዓለም ያሳየችበትን ምስል ብዙዎቻችን አይተናል። ያ ጫማ አንዱ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ፋብሪካው ራሱ ለአንድ ማራቶንና ለጥቂት መለማመጃ እንደ ሠራው የተናገረለት ነው። ለአንድ ቀን የተሠራ ነገር ለዘለዓለም መጠበቅ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ምን ያስረዳል? በእጇ ከፍ ያደረገችው ጫማ በማን እጅ እንዳለ፣ ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በኋላ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ ብላቴና በአገሩ ቋንቋ የተጻፈ መልስ ሊያገኝ ይገባዋል። በ1954 ዓ.ም. ጥር 13 ቀን በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈው የአፍሪካን ዋንጫ ያነሡት የእነ ሉቻኖ ቫሳሎና የእነ መንግሥቱ ወርቁ ጫማና ማልያ ነገርም ከዚሁ ጋር የሚቈጠር ነው።

እኛ የዚህ አውራ ጎዳና ልጆች የዕቃን መጥፋት ከሌላው ይልቅ እናውቀዋለን። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተጋዘው ንብረት እስከ ዛሬ በባሕር ማዶ ቤተ መዘክሮች ተበትኖ ይኖራል፤ የዐፄ ቴዎድሮስ ጠጕር የተመለሰው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በ2011 ዓ.ም. ነው። ይህን ያህል ዘመን ቈይቶ ሊመለስ የቻለውም የማን እንደ ነበረና ከየት እንደ ተወሰደ ስለ ተጻፈ ነው። በቅርቡም ከ2013 ዓ.ም. ክረምት አንሥቶ ጦርነት በቆቦና በጎብዬ፣ በወልዲያና በደሴ መንገድ ሲመላለስ፣ የደሴው ቤተ መዘክር ተዘረፈ፤ ስንት ሰው ቤቱን ጥሎ ወደ ተራራ ሲወጣ ከግድግዳው ላይ ምን እንደ ሰቀለ ለማሰብ ፋታ አላገኘም። የአጎቴ ዱላ የተረፈው፣ ለወሰደው ሰው ምንም የማይጠቅም ቆልማማ እንጨት ሆኖ ስለ ታየ ይመስለኛል።

ወዳጆቼ ይህን አሳቤን ስነግራቸው ሁለት ተቃውሞ ያቀርቡልኛል። አንደኛው፣ ይህ ዕቃን ማምለክ አይሆንምን የሚል ነው። ይህን የሚሉኝ ሰዎች የእናታቸውን መቀነት በሣጥን ያኖሩ ናቸውና ብዙ አልከራከራቸውም። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው፤ ሕዝቡ እህል ሲቸግረው፣ ዝናም ሲቀርበት፣ አንተ ስለ አሮጌ ዱላ ታወራለህን ይላሉ። ለዚህ የምመልሰው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራያ ገበሬ ቤት ነው። የራያ ገበሬ ማሽላውን ሲያጭድ ከእርሻው ሁሉ ያማረውን ራስ መርጦ ይለያል፤ ከምድጃው በላይ ጢስ በሚያገኘው ስፍራ ይሰቅለዋል፤ ቤቱ በረኀብ ቢጨነቅ እንኳ ያንን ራስ ለመብላት እጁ ይከብደዋል። ደጋሊት ነው፣ ጅጉርቲ ነው ብሎ በስሙ ይጠራዋል፤ ከማን ማሳ እንደ መጣ፣ በየትኛው ክፉ ዓመት ሳይከዳው እንደ ቀረ ይነግርሃል። ችግር ዕቃን ከነታሪኩ መጠበቅ የሚከለክል ቢሆን ኖሮ፣ የሆርማትና የጎሊና ጎርፍ የሚያጠጣው ይህ ቆላ ስም ያለው አንድ ዘር እንኳ ባልቀረለት ነበር። ዘርን እንዲህ መጠበቅ የሚያውቅ እጅ የተጫዋችን ዱላ መጠበቅ አያቅተውም።

ነገር ግን የአሜሪካኖቹን ትጋት ስናደንቅ ገበያቸውንም እንድናመጣ አልመክርም። የእኔ ሥጋት እንዲህ ነው፤ ነገ አንድ ነጋዴ ከከተማ መጥቶ የገና ዱላ በዋጋ እገዛለሁ ቢል፣ በሦስተኛው ሳምንት በጢስ የጠቆረ ዐዲስ ዱላ ሁሉ የአንድ ስመ ጥር ተጫዋች ይሆናል፤ እውነተኛውም ከሐሰተኛው ጋር ተደባልቆ ይጠፋል፤ ምስኪኑም ሽማግሌ ለአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ የወጣትነቱን መታሰቢያ ይሸጣል። አገራችን ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ በአዋጅ ቊጥር 209/1992 ደንግጋለች፤ አዋጁ ግን ለድንጋይና ለብራና ሲጠቀስ እንጂ ለገና ዱላ ሲጠቀስ አልሰማሁም። ስለዚህ ዱላው ከባለቤቱ ቤት ባይወጣ እንኳ እመርጣለሁ። በቅድሚያ መሰብሰብ ያለበት ምስክሩ ነው፤ እንጨቱ ከቤተ ሰቡ ጋር ይቈይ፤ ቤተ ሰቡ በፈቃዱ ሲሰጥ ብቻ ወደ ወረዳው የባህል ቢሮ ወይም ወደ ወልዲያ ይሂድ። በ2009 ዓ.ም. በወልዲያ የተመረቀውና በሼክ ሙሐመድ ሑሴን አል አሙዲ ስም የሚጠራው ስታዲየም ከ25,000 በላይ ሰው የሚይዝ ነው፤ በእንዲህ ያለ ታላቅ ሕንፃ አንዲት ክፍል ለአባቶች የገና ዱላና ለዘመኑ ልጆች ማልያ ብትለይ ሕንፃውን የሚያጠብበው አይመስለኝም።

ሥራው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። በጎብዬ፣ በሮቢትና በቆቦ ያሉ መምህራን በዚህ በሚመጣው የልደት በዓል ተማሪዎቻቸውን ወደየአያቶቻቸው ቢልኩ፣ ልጁም ደብተሩን ዘርግቶ ዱላው ከምን እንጨት፣ ከየትኛው ተራራ፣ በማን እጅ እንደ ተቈረጠ፣ በየትኛው ሜዳ ከማን ጋር እንደ ተለጋበት፣ ጠባሳው የምን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ አያቱ ዱላውን ይዘው ፎቶግራፍ ቢነሡ፣ ከዚያም ሁለት የዐይን ምስክሮች፣ ቢቻል አንዱ ከተቃራኒው ወገን የሆነ፣ ስማቸውን ቢያስጽፉ፣ ይህ ደብተር በአንድ በዓል ብቻ ከአንድ ቤተ መዘክር የሚበልጥ ይሆናል። የተቃራኒውን ወገን ምስክር በተለይ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በጨዋታ የራስን ወገን ጀግና ማወደስ ቀላል ነው፤ ተጋጣሚ የመሰከረለት ተጫዋች ግን ምስክርነቱ አይፋቅም። ያላዩትንም አይጻፉ፤ «ሰማሁ» ያለውን ሰማሁ፣ «አየሁ» ያለውን አየሁ ብለው ይለዩት።

እኔ በበኩሌ ጀምሬአለሁ። ለብላቴናው ከገበያ ጥሩ መንሽ ገዝቼ ሰጥቼው፣ ዱላውን በእናቱ ፈቃድ ተቀብዬ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ሰቅዬዋለሁ፤ የማውቀውን ሁሉ በደብተር ጽፌአለሁ። ዱላው የተሠነጠቀው ከጎብዬ በታች ባለው የማሽላ ማሳ፣ አገዳው በተነሣ ሳምንት፣ ፀሐይ ወደ ምዕራቡ ተራራ ስታዘቀዝቅ ነው፤ ተጋጣሚዎቹ ከሮቢት ወገን የመጡ ነበሩ፤ ዱላውን የገጠመው ሰው ረጅም፣ ግራኝና ዐይነ ትልቅ ነበረ። በዚያ ቀን በሜዳው የዋለ ሽማግሌ በሕይወት ካለ፣ ይህን ጋዜጣ የሚያነብለት ልጅ ወይም የልጅ ልጅም ካለው፣ የሰውዬውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ጠይቆ ይላክልኝ፤ በደብተሩ ላይ ለእነዚህ ሁለት ነገሮች ሁለት መሥመር ባዶ ትቻለሁ።